ያገለገለ ካሜራ፣ ያገለገለ ግምገማ

በደሴ ከተማ ለፎቶ ቤት ባለቤቶች፣ ለሰርግ ፎቶ አንሺዎችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ካሜራ ለመግዛት ገና ገንዘብ በማጠራቀም ላይ ያላችሁ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የካሜራ አመራረጥ ነበር። እኔ ግን አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ዲፒሪቪው በተባለ የካሜራ ግምገማ ድረ ገጽ የመዘጋት ዜና በኩል ልገባበት ወድጃለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ካሜራ ሲገዛ ዲፒሪቪውን ከፍቶ ያላየ፣ ወይም ያየን ሰው ምክር ያልጠየቀ፣ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ፊል አስኪ የተባለ እንግሊዛዊ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በ1991 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1998 መጨረሻ ላይ፣ የዲጂታል ካሜራ ግምገማ መጻፍ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ዲጂታል ካሜራ እንጀራ ሊበላበት ይችላል ብሎ የሚያምን ባለሙያ ብዙ አልነበረም። የኒኮን ዲ1 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን 2.7 ሜጋፒክስል ብቻ ነበር። እኛ እዚህ ደሴ ያን ጊዜ ገና ፊልም ላይ ነበርን፤ የአንዱን ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ቆጥበን ቆጥበን ስናነሳ፣ ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ የምናውቀው ፊልሙ ታጥቦ ከመጣ በኋላ ነበር። ድረ ገጹ እያደገ ሄዶ በግንቦት 1999 ዓ.ም. በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጠው ኩባንያ አማዞን ገዛው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ጽሕፈት ቤቱ ከለንደን ወደ አሜሪካዋ ሲያትል ተዛወረ።

እንግዲህ መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. የድረ ገጹ ሥራ አስኪያጅ ስኮት ኤቨሬት ባወጡት ማስታወቂያ ሥራው ሚያዝያ 2 ቀን እንደሚያበቃ ገለጹ። ሃያ ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ገጾቹ ለተወሰነ ጊዜ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆነው ይቆያሉ ተባለ፤ የተወሰነ ጊዜ ማለት ሳምንት ይሁን ዓመት ግን አልተነገረም። የመዘጋቱ ምክንያት ባለቤቱ ኩባንያ የሚያካሂደው የመዋቅር ለውጥ እንደሆነ ተገልጿል። አማዞን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር 18,000 ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር፤ ድረ ገጹ መዘጋቱን ከማስታወቁ ከአንድ ቀን በፊት ደግሞ ሌሎች 9,000 ሠራተኞችን ጨመረ። በዚያው ሰሞን በመላው ዓለም መጽሐፍ በፖስታ ይልክ የነበረውን ቡክ ዲፖዚተሪንም ዘጋ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂት የካሜራ ገምጋሚዎች ማለት ከጎተራ እንደወደቀች አንዲት ፍሬ ነበሩ።

ዜናውን የሰማሁት አንድ የሰርግ አልበም በማዘጋጅበት ሌሊት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ድንጋጤ ነበር። ለምን እንደደነገጥኩ ለመግለጽ ያ ድረ ገጽ ይሠራበት የነበረውን ዘዴ በቅርብ ማሳየት ይኖርብኛል።

አስቡት፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ የተተከለ ሰፊ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ ላባ፣ ባለቀለም ክር፣ እየደቀቀ የሚሄድ ጽሑፍ፣ የቀለም መለኪያ ካርድ፣ የታተሙ ፊቶችና ሌሎችም ጥቃቅን ነገሮች ተደርድረዋል። መብራቱ አይለወጥም፣ የዕቃዎቹ ቦታ አይለወጥም። አዲስ ካሜራ በወጣ ቁጥር ከዚህ ሰሌዳ ፊት ይቆምና በእያንዳንዱ አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ባለው የስሜት ደረጃ ሁሉ፣ ይነሳበታል። ከዚያ እናንተ ስልካችሁን ይዛችሁ ሰኞ ገበያ ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ አራት ካሜራዎችን መርጣችሁ ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ፤ ትንሿን ሳጥን ላባው ላይ ስትወስዷት አራቱም ላባውን ያሳዩአችኋል። በአይኤስኦ 3200 የአንዱ ላባ አሁንም ላባ ነው፤ የሌላው ላባ የታጠበ ጥጥ ሆኗል። ገምጋሚው ምንም ባይናገር እንኳን ፍርዱን እናንተው ሰጥታችኋል። ከፈለጋችሁም ካሜራው ሳያስተካክለው የመዘገበውን ሮው ፋይል አውርዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ታዩታላችሁ።

ሰሌዳው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በአዲስ መቀየሩን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በጣም የቆዩትን ካሜራዎች ከአዲሶቹ ጋር በቀጥታ ማስተያየት አይቻልም። ይህ ጉድለት ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት አንድን ነገር በአንድ መንገድ ደጋግሞ ማንሳት ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ አሰልቺና ጭብጨባ የማያስገኝ ሥራ መሆኑን ጉርድ ፎቶግራፍ ያነሳ ሁሉ ይመሰክራል። ዋጋውም ያለው አሰልቺነቱ ላይ ነበር።

ከፈተናዎቹ ሁሉ ለእኛ አገር ሥራ እጅግ የቀረበው ግን ሌላ ነበር። ስለ ሙሽራ እናስብ። ሙሽራዋ ጠይም ናት፤ የለበሰችው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት፣ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ የሆነችው ደሴ፣ ፀሐዩም የደጋ ፀሐይ። ለፊቷ ብለን ብርሃን ስንጨምር የቀሚሱ ጥልፍ ይቃጠላል፤ ጥልፉን እናድን ብለን ስንቀንስ ፊቷ ይጨልማል። አንድ ጥልፍ ሠሪ ስንት ወር የደከመበትን ሥራ ነጭ ወረቀት አድርገን የመለስንባቸው አልበሞች በየቤቱ አሉ፤ የእኔም እጅ አለበት። ዳይናሚክ ሬንጅ የምንለው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፦ ካሜራው ከቀሚሱ እስከ ፊቱ ያለውን ርቀት ሳያቃጥልና ሳያጨልም ምን ያህል መያዝ ይችላል የሚለው ጥያቄ።

ዲፒሪቪው በኋለኞቹ ዓመታት ይህንን በዓይን የሚታይ አደረገው። ያንኑ ሰሌዳ ሆን ብሎ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት፣ እስከ አምስትና ከዚያም በላይ ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) አጨልሞ ያነሳና በኮምፒውተር መልሶ ያበራዋል። የአንዳንዱ ካሜራ ጨለማ ሲበራ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ የሌላው ጨለማ ሲበራ እንደ ሽማግሌ ሸማ ጥለት መስመር መስመር እየሠራ ይመጣል። ይህ ለእኛ የነገረን ነገር ቢኖር ለቀሚሱ ብለን አጨልመን ማንሳት የምንችልበትን ካሜራና የማንችልበትን ካሜራ ለይቶ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2፣ በ21 ሜጋፒክስሉና በሙሉ ኤችዲ ቪዲዮው የሰርግን ሥራ የለወጠ ካሜራ፣ ጨለማው ሲበራ መስመር ያወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣውና በዋጋው በእጅጉ የሚያንሰው ኒኮን ዲ7000 ደግሞ በዚህ ረገድ ንጹሕ ነበር። ይህንን ከሻጭ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ከሻጭ የሰማሁት ሜጋፒክስል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ላንሳ። ከዓመታት በፊት የኒኮን ዲ90 ካሜራዬን ትቼ የተሻለ ለመግዛት ፈለግሁ። ሁላችሁም እንደምታውቁት እኛ ዘንድ ካሜራ ከካርቶን አይወጣም፤ ወይ ከሳውዲ የተመለሰች እህት ሻንጣ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ወይ ከአዲስ አበባ በደላላ፣ ወይ ደግሞ ሙያውን ከተወ ባልደረባ እጅ። አንድ ሻጭ ካሜራ አሳየኝና ሃያ አራት ሜጋፒክስል ስለሆነ የአንተን ባለ አሥራ ሁለቱን በእጥፍ ይበልጣል አለኝ። ኖይዙስ፣ በጨለማ ምስሉ ላይ የሚወጣው ነጠብጣብስ ብለው፣ አብሽር ወንድሜ አለኝ፣ ይኼ እኮ አዲስ ነው። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁና ጥግ ይዤ ያንን ሰሌዳ ከፈትኩ፤ ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ሻይዬ ቀዘቀዘ። ዲ90ን በአንድ በኩል፣ ሰውዬው ያሳየኝን በሌላው፣ ዲ7000ን በሦስተኛው አስቀመጥኩ። በምሽት ዳስ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የምሠራበት አይኤስኦ 3200 ነው፤ በዚያ ላይ የሰውዬው ካሜራ ከዲ90 የሚሻለው በጥቂት ነበር። ገንዘቤን ይዤ ሁለት ወር ቆየሁና ዲ7000 ገዛሁ። ያ ካሜራ ከመቶ በላይ ሰርግ ሠርቶልኛል፤ አሁን በልጄ እጅ ነው።

ልብ በሉ፤ ያኔ ያነበብኳቸው ገጾች በተጻፉ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ነው ያነበብኳቸው። ዋናው ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። በሲያትል ወይም በቶኪዮ ላለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ስለወጣ ካሜራ የተጻፈ ግምገማ የሞተ ወረቀት ነው፤ ካሜራው ከመደብር ከወጣ ግምገማውም አብሮት ወጥቷል። ለእኛ ግን ካሜራው የሚወለደው ያኔ ነው። እዚያ ጡረታ ሲወጣ እዚህ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ኩባንያው ስንት ሰው አዲስ ካሜራ ገዛ እያለ ሲቆጥር እኛ በቆጠራው ውስጥ አልነበርንም፤ በድረ ገጹ ውስጥ ግን ከማንም ይልቅ የቆዩትን ገጾች የምናገላብጥ እኛ ነበርን።

ኩባንያውን ለመውቀስ ብቻ ይህን አልናገርም። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጣው አኃዝ ሁኔታውን ይገልጸዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ላይ 121 ሚሊዮን ያህል ዲጂታል ካሜራ ተልኮ ነበር፤ በ2022 ቁጥሩ ወደ 8 ሚሊዮን ወርዷል። ቀሪውን ስልክ በላው። በዚህ ገበያ ላይ ቆሞ በሳምንታት ልፋት ረዥም ግምገማ የሚጽፍ ቡድን መያዝ ለነጋዴ ከባድ ነው፤ ለ16 ዓመት መያዙም ሊነገርለት ይገባል። ሻጭ የገምጋሚ ጌታ መሆኑ ገና ከመጀመሪያው ብዙዎችን ያሳስብ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ በበኩሌ ባነበብኩት ውስጥ ደካማን ካሜራ ጠንካራ ነው ሲሉ አላየሁም። ቅሬታዬ በሌላ ነገር ነው፤ ሩብ ምዕተ ዓመት የተጠራቀመ ልኬት በሃያ ቀን ማስጠንቀቂያ ሊጠፋ መቃረቡ ነው።

በእነዚያ ሃያ ቀናት ያደረግሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ኢንተርኔት በሚፈጥንበት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እየተነሣሁ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ፎቶ ቤቶች በብዛት የምናያቸውን ካሜራዎች ገጽ አንድ በአንድ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ጽሑፉ ይቀመጣል። ያ የማነጻጸሪያ ሰሌዳ ግን አይቀመጥም፤ ሕይወቱ ከድርጅቱ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ገጹን ስታስቀምጡት የሚቀረው ባዶ ሳጥን ነው። ስለዚህ ምስሎቹን በየአይኤስኦው ለየብቻ ማውረድ ነበረብኝ። በሰባተኛው ሌሊት የጥቅሌ ሂሳብ አለቀና ባለቤቴ ይህ ሰው ምን ነካው ብላ ተነሣች። በዓለም ዙሪያ አርካይቭ ቲም የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ይህንኑ ሥራ በትልቁ እየሠሩ መሆናቸውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። እነርሱ በጋሪ ሲጭኑ እኔ በማንኪያ እቀዳ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። የቪዲዮ ግምገማ ያቀርቡ የነበሩት ክሪስ ኒኮልስና ጆርዳን ድሬክ ፔታፒክስል ወደተባለው ድርጅት ሄዱ። ሚያዝያ 2 ደረሰ፤ ገጹ ግን አልጠፋም። ሰኔ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ጊር ፓትሮል የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እንደገዛው ተነገረና ሥራው ቀጠለ። የቆዩት ገጾችም ተረፉ።

ተረፈ ብለን ልንተኛ ግን አንችልም፤ ለምን እንደሆነ ከዚህ ከተማ ታሪክ ላሳያችሁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱም የውጭ ጋዜጠኞችም እዚህ ነበሩ። የዚያን ዘመን የደሴ ፎቶግራፍ ለማየት የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚፈልገው ከውጭ አገር ማኅደሮች ነው፤ ያነሱትም ያስቀመጡትም እነርሱ ናቸውና። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ደግሞ የስንት ሰው የሰርግና የምርቃት ፎቶ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከነኮምፒውተሩ የጠፋበት ባልደረባ ከመካከላችን ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም፣ እሱም ያውቀዋል። የእኛ ነገር በሰው ቤት ሲቀመጥ በሰው ፈቃድ ይኖራል፤ በእኛ ቤት በአንድ ቦታ ብቻ ሲቀመጥ ደግሞ በዕድል።

አሁን ብዙዎቻችሁ የካሜራ መረጃ የምታገኙት ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ነው። ጥሩ ጥሩ ገምጋሚዎች አሉ፤ እኔም እከታተላለሁ። ሆኖም በቪዲዮ ውስጥ ቁጥር መፈለግ ገለባ ውስጥ መርፌ እንደመፈለግ ነው፤ ሁለት ሰው ሁለት ካሜራ በሁለት ከተማ በሁለት ዓይነት ፀሐይ አንስቶ የሚሰጣችሁ ንጽጽርም ንጽጽር አይባልም። በዚያ ላይ የሚያወሩት ሁሉ ዘንድሮ ስለወጣው ካሜራ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ስለሚሸጠው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ካሜራ የሚያወራ አታገኙም።

ስለዚህ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ በራሳችን አቅም አንድ ነገር ጀምረናል። በፎቶ ቤቴ የኋላ ክፍል ግድግዳ ላይ ቋሚ ሰሌዳ ሠርተናል። በላዩ ላይ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ፣ ከጎኑ የአያቴ ጥቁር በርኖስ ቁራጭ፣ የጥልፍ ክር በሰባት ቀለም፣ የድሮ ጋዜጣ ቅዳጅ፣ አንዲት ትንሽ ጀበና፣ በመሐል ደግሞ ከጠይም እስከ ቀይ ዳማ የአራት ሰዎች ፊት በጥሩ ወረቀት ታትሞ ተሰቅሏል። መስኮቱ ተሸፍኗል፤ ሁለት መብራት አለ፤ የካሜራ ማቆሚያው እግር የሚያርፍበት ቦታ ወለሉ ላይ በቀለም ተከቧል። በእጃችን የሚያልፍ ካሜራ ሁሉ በዚህ ፊት ይቆማል፤ ከአይኤስኦ 100 ወይም 200 እስከ 6400 ይነሳል፤ ከዚያም ሦስት ስቶፕ አጨልመን አንዴ እንደግመዋለን። ፋይሎቹ በሦስት ሃርድ ዲስክ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ኮምቦልቻ ነው። ዝርዝሩን በአማርኛ የምንጽፍበት አንድ ወፍራም መዝገብ አለ። እስካሁን አሥራ አንድ ካሜራ መዝግበናል፤ ሳይንስ ነው አንልም፣ መብራታችን እንኳን ከኤሌክትሪኩ ጋር ይወጣል ይወርዳል።

ሥራው ምን እንደሚጠቅም ያየሁት በአሥራ አንደኛው ካሜራ ነው። አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ኒኮን ዲ90 ይዞ መጣ። ሻጩ ሻተሩ፣ ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ፣ የሠራው አሥራ አምስት ሺህ ጊዜ ብቻ ነው ብሎታል፤ ኒኮን የዲ90ን ሻተር የሞከረው እስከ 100,000 ጊዜ ስለሆነ ልጁ አንድ ዕድሜ ሙሉ እንደቀረው ቆጥሮ ደስ ብሎታል። ሰሌዳው ፊት አቁመን በአይኤስኦ 1600 አነሳነውና በርኖሱ ላይ አጉልተን ስናይ በቀኝ በኩል ሦስት ቀይ ነጥቦች ቁጭ ብለዋል። ልጁ የዲ90 ጠባይ ይሆን እንዴ አለኝ። ያቺን በሌሊት ያስቀመጥኳትን እ.ኤ.አ. የ2008 ገጽ ከፍተን የዚያንኑ ካሜራ ጥቁር ቦታ በዚያው አይኤስኦ አየን፤ ንጹሕ ነበር። እንግዲያው ነጥቦቹ የዚህ ካሜራ የራሱ ሕመም እንጂ የዓይነቱ ጠባይ አይደሉም ማለት ነው። የካሜራውን ፋይል በኮምፒውተር ፈትሸን የሻተሩን ቁጥር ስናነብ ደግሞ ሰባ ሁለት ሺህ አለ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ለሻጩ ደወለ፤ እኔ ቡና ላፈላ ወጣሁ፤ ስመለስ አንድ ሦስተኛው ዋጋ ወርዶለት ካሜራውን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።